ነገር እና እንትን

እናቴ ስም ሲጠፋባት ‹‹እንትን›› ትላለች። ማንኪያው እንትን ነው፤ የጎረቤት ልጅ እንትና ነው፤ ገና ያልተጀመረውም ሥራ ‹‹እንትን ይደረግ›› ተብሎ ይታዘዛል። ከቀትር በኋላ፣ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ሰውን ሁሉ ወደ ማንጎ ጥላ በምትነዳበት ሰዓት፣ አንድ ቤተሰብ በዚህች ቃል ብቻ ሲግባባ ሊውል እንደሚችል እኔ ምስክር ነኝ። እሑድ በሰንበቴ ገበያ የቆመ ሰውም ይህንኑ ያያል። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በሚገናኙበት በዚያ ገበያ የአንዱ ቃል ለሌላው ሲጎድል እንትን ትገባና ክፍተቱን ትይዛለች፤ ጣት ወደ ዕቃው ይጠቁማል፤ ዋጋው ይነገራል፤ ገበያው ይቀጥላል።

ልጅ ሳለሁ ቃሏን የሰነፍ ቃል አድርጌ እቆጥራት ነበር። በአንጻሩ ‹‹ነገር›› የተከበረ ቃል ነበር። ነገር ይመረመራል፤ ነገር ይቆረጣል፤ ሽማግሌ ነገር ያበርዳል። ከግእዙ ስንነሣ ደግሞ ነገር ማለት ንግግር፣ ቃል ማለት ነው፤ ‹‹ነገረ›› ከሚለው ግስ የወጣ ነውና። ስለዚህ በአማርኛ አንድ ግኡዝ ዕቃ እንኳ ‹‹ነገር›› ለመባል አስቀድሞ አንድ ሰው ሊናገረው የሚገባ ይመስላል። እንትን ግን ገና ያልተነገረው ነው። አፍ ላይ ደርሶ የቀረው ነው። ይህን ልዩነት ያስተማረኝ ሰዋስው አይደለም፤ እንጀራዬ የነበረው የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ስፍራ ስለ ግጥምና ስለ ልብ ወለድ ማንበብ የለመድህ ነህና ጥቂት ታገሠኝ፤ ወደ ቤታችን የምመለሰው በዚያው መንገድ ነው።

በ1990ዎቹ ማብቂያ አዲስ አበባ ውስጥ በፍላሽ የሚሠሩ ተንቀሳቃሽ ገጾችን እሠራ ነበር። የፍላሽ ቋንቋ አክሽንስክሪፕት ይባላል፤ ሦስተኛው እትሙ የወጣው በሰኔ 1998 ዓ.ም. ነው። በዚህ ቋንቋ መረጃ የሚቀመጥበትን ዕቃ ‹‹ተለዋዋጭ›› እንለዋለን፤ ስም የተጻፈበት ማሰሮ እንደ ማለት ነው። ማሰሮውን ስንሠራ የምን ማሰሮ እንደሆነ እንናገራለን፦ ይህ የቁጥር ነው፤ ይህ የጽሑፍ ነው፤ ይህ የቀን ነው። በቁጥር ማሰሮ ጽሑፍ ልጨምር ያለ ሰው ይገሠጻል። ይሁን እንጂ የሚመጣው ምን እንደሆነ አስቀድሞ የማይታወቅበት ጊዜ አለ፤ ለዚያም ቋንቋው ሁለት መንገድ ይሰጣል።

አንደኛው ‹‹ኦብጄክት›› ብሎ መጻፍ ነው። ኦብጄክት የዓይነቶች ሁሉ አባት ነው፤ ቁጥሩም ጽሑፉም ቀኑም ከእርሱ ይወለዳሉ፤ ስለዚህ በእርሱ ማሰሮ ሁሉም ይገባል። በአማርኛ ‹‹ነገር›› ብንለው የሚከፋ አይመስለኝም። ሁለተኛው መንገድ ዓይነቱን ፈጽሞ አለመናገር፣ ወይም በዓይነቱ ፋንታ አንዲት የኮከብ ምልክት ማኖር ነው። ይህ የእናቴ እንትን ነው። ጀማሪ ሁሉ፣ ሁለቱም ሁሉን ይቀበላሉና አንድ ናቸው ይላል። እኔም ብዬ ነበር።

አንድ አይደሉም። ቀላሉ ልዩነት ኮምፓይለሩ ዘንድ ነው፤ ጽሑፋችንን መርምሮ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልሰው ማለቴ ነው። ከ‹‹ነገር›› ማሰሮ አውጥተህ ወደ ጽሑፍ ማሰሮ ልትገለብጥ ስትል ያስቆምህና ‹‹ይህ ነገር ጽሑፍ ለመሆኑ ማረጋገጫህ ምንድን ነው?›› ይልሃል። ከኮከቡ ማሰሮ ስትገለብጥ ግን ዝም ይላል፤ ስለ እርሱ ምንም የተነገረው የለምና የሚከራከርበት አያገኝም፤ እውነቱ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲሮጥ ነው።

ዋናው ልዩነት ሌላ ነው። ቋንቋው ሁለት ዓይነት ባዶነት ያውቃል። አንዱ ‹‹ነል›› ይባላል፤ ማሰሮው ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ ባዶ መሆኑ የተነገረለት ማለት ነው። ሁለተኛው ‹‹አንዲፋይንድ›› ይባላል፤ ማሰሮውን ማንም አልከፈተውም፤ ስለ ውስጡ ቃል የሰጠ የለም። ግእዝ በቁጥሮቹ ውስጥ ዜሮ ባይኖረውም ‹‹አልቦ›› የሚል ቃል አለው፤ ነልን አልቦ ማለት ይቻላል። ለሌላው ግን ከዝምታ በቀር ቃል አላገኘሁለትም። ኦብጄክት፣ ያ ሁሉን ቻይ አባት፣ ቁጥሩንም ጽሑፉንም ነልንም ይቀበላል፤ ይህን ዝምታ ብቻ አይቀበልም። ዝምታውን ብትሰጠው ሳይቆጣና ሳያስጠነቅቅ ወደ ነል ይለውጠዋል። ‹‹አልተነገረም›› ብለህ ትሰጠዋለህ፤ ‹‹ባዶ ነው›› ብሎ ይመልስልሃል። ዝምታን እንደ ዝምታ ይዞ የሚያቆየው ኮከቡ ብቻ ነው።

(ነልን በ1965 እ.ኤ.አ. ለፕሮግራም ቋንቋዎች ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ሊቅ ቶኒ ሆር በ2009 እ.ኤ.አ. በአደባባይ ተጸጽቶበታል፤ ያደረሰውንም ኪሳራ በቢሊዮን ዶላር ገምቶታል። የእኔ ቤት ኪሳራ በዚያ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።)

በ1996 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሜ ከቤት ወጣ። እኛ ታናናሾቹ ወንድም ጋሼ እንለው ነበር፤ እዚህም እንዲሁ ልበለው። ሽንኩርት ይነግድ ነበር። በዚያ ዓመት ሽንኩርቱ ወድቆበት ዕዳ ገባ፤ ከሦስት የሰፈር ልጆች ጋራ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ጂቡቲ ሄደ። የይፋትና የወሎ ወጣት የሚያውቀው መንገድ ነው፤ በረሃውን በእግርም በመኪናም ማለፍ፣ ኦቦክ ላይ ጀልባ መጠበቅ፣ ባሕሩን ወደ የመን መሻገር፣ ከዚያም ወደ ሳውዲ። ባሕሩ በባብ ኤል መንደብ በኩል ጠባብ ነው፤ በጠባቡ ላይ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከሸዋ ሮቢት አጣዬ አይደርስም። ከኦቦክ አንድ ጊዜ ደወለ። ‹‹በዚህ ሁለት ቀን እንሻገራለን›› አለ። ከአራቱ ሁለቱ ጂዳ ደረሱ፤ እርሱና አራተኛው ልጅ በሌላ ጀልባ እንደተሳፈሩ፣ ከዚያ በኋላ እንዳላዩአቸው ነገሩን። ያ ጀልባ ይስጠም ይድረስ ያየ አልተገኘም።

በአገራችን የሰው ሞት የሚታወቀው በመርዶ ነው። ማልደው፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ፤ ይነግራሉ፤ ከዚያ በኋላ ይለቀሳል፤ ዕድር ድንኳን ይተክላል። መርዶ ባልመጣበት ሰው አይለቀስም። እናቴ አላለቀሰችም ማለቴ አይደለም፤ ልቅሶ አልተቀመጠችም ማለቴ ነው። የሚበላውን ጊዜ እየቆጠረች ድርሻውን ማስቀመጥ የተወችው ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ ትዝ አይለኝም።

በ2000 ዓ.ም. አንድ ድርጅት፣ ስሙ ይቅር፣ ልጆቻቸው የተሰደዱባቸውን ቤተሰቦች በቆላው ቀበሌዎች እየዞረ መዘገበ፤ መዝገቡን በካርታና በሥዕል የሚያሳይ ገጽ የመሥራቱ ሥራ ተሽከርክሮ እኛ ዘንድ መጣ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ‹‹ልጁ አሁን የት ነው?›› የሚል ነበር። መልሱ የከተማ ስም ሊሆን ይችላል፤ ጂዳ፣ ሪያድ፣ ጂዛን። የሞተ ከሆነ መዝጋቢዎቹ ‹‹ሞቷል›› ብሎ መጻፉ ከብዷቸው ‹‹የለም›› ብለው ጽፈዋል፤ እኛ ይህን በነል አስቀመጥነው። መልስ ያልተሰጠበት ደግሞ በመዝገቡ ውስጥ ቦታም አልነበረው፤ ፕሮግራሙ ሲጠይቅ አንዲፋይንድ ይመጣል። ይህን ሁሉ አውቄ፣ ነል ሲመጣ ‹‹የለም››፣ አንዲፋይንድ ሲመጣ ‹‹አልታወቀም›› እንዲል አድርጌ ጻፍኩ። በጥንቃቄ ነበር የጻፍኩት፤ እንዲያውም ሁለቱን ለይቶ በሚያነጻጽረው በባለ ሦስት መስመሩ የእኩልነት ምልክት ነበር የተጠቀምኩት፤ ባለ ሁለት መስመሩ ነልንና አንዲፋይንድን እኩል ናቸው ይላልና።

ነገር ግን መልሱ በመንገዱ የሚያርፍበትን ማሰሮ ዓይነት ሳልጽፍ ትቼው ነበር። ኮምፓይለሩ ዓይነቱ ያልተነገረ ተለዋዋጭ ባየ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ እኔም ጭቅጭቁን ጠላሁትና ‹‹ኦብጄክት›› ብዬ ጻፍኩለት። ዝም አለ። ከብዙ ማስጠንቀቂያዎች መካከል፣ ዓይነቱ የተነገረ ተለዋዋጭ አንዲፋይንድ ሊሆን አይችልምና ይህ ንጽጽር ትርጉም የለውም የሚል አንድ መስመር እንደነበረ ኋላ አየሁት፤ በጊዜው ግን ማስጠንቀቂያ ማንበብ ትቼ ነበር። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያልተመለሰ ጥያቄ ሁሉ እዚያች ማሰሮ ሲደርስ ነል ሆኖ ይወጣ ጀመር።

ለፋሲካ ወደ አገር ቤት ስሄድ ላፕቶፑን ይዤ ነበር። ከደብረ ብርሃን ብርድ ተነሥቶ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ያለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ቆላው መውረድ ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል፤ ጃኬት ከአርማንያ በታች ሸክም ነው። አውቶቡሱ ሌሊት ተነሥቶ ስለነበር በማለዳ ቤት ደረስኩ። ማታ ሁላችን ደጅ ተቀምጠን ሥራዬን አሳየኋቸው። የይፋት ካርታ አለ፤ ነጥቦች አሉ፤ ነጥቡን ሲጫኑት መዝገቡ ይከፈታል። እናቴ ‹‹የእኛም ቤት ገብቷል?›› አለች። መዝጋቢዋ ልጅ መጥታ እንደነበር፣ ቡና እንዳፈላችላት ነገረችኝ። ፈልጌ አገኘሁትና ከፈትኩት፤ ኩራትም ነበረብኝ። እናቴ ማንበብ አትችልም። ታናሽ እኅቴ ጎንበስ ብላ እያነበበች ነገረቻት፤ የቀበሌው ስም፣ የቤተሰቡ ብዛት፣ ልጁ የወጣበት ዘመን። ከዚያ ‹‹ልጁ አሁን የት ነው? የለም›› ብላ አነበበች፤ አንብባም ድምፅዋ ቆመ።

እናቴ አልጮኸችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቀዘቀችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ‹‹ማን መጥቶ ነገራችሁ?›› አለች።

እኔ ‹‹ስሕተት ነው እማዬ፣ የፕሮግራም ስሕተት ነው›› አልኩ። እርሷ ግን የማለዳ መምጣቴን፣ ማሽኑን ተሸክሜ መዋሌን፣ ሰው ሁሉ እስኪሰበሰብ መጠበቄን አንድ ላይ ደምራ አስባው ነበር። መርዶ ያመጣሁ መስሏት ነበር። ‹‹አትደብቀኝ፤ ከሰማህ ንገረኝ›› አለችኝ። የሰማሁት እንደሌለ እያማልኩ፣ እየገዘትኩ አስረዳኋት። ነጠላዋን መልሳ የለበሰችው ብዙ ቆይታ ነው፤ በዚያች ሌሊትም እንደተኛች አላውቅም።

እኔም አልተኛሁም። ስሕተቱን ለማግኘት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ፤ ለማረም አንድ ደቂቃ አልሞላም። ‹‹ኦብጄክት›› የሚለውን ቃል ሰርዤ በምትኩ ኮከብ አኖርኩ። በመዝገቡ ውስጥ እንዲህ ‹‹የለም›› ያልኳቸው ሌሎች ልጆች ስንት እንደነበሩ ቆጠርኩ፤ ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ የእኔ ብቻ አይደለምና። ገጹ ገና ለሕዝብ አለመታየቱ ነው ያተረፈኝ።

ጠዋት እኅቴን ጠርቼ እንደገና አስነበብኩ። ‹‹አልታወቀም›› አለች። እናቴ ምጣዱን እያሰሰች ነበር፤ ዘወርም አላለች። ‹‹እሱንማ እኔም ነግሬያታለሁ›› አለች። ‹‹ስትጠይቀኝ ዝም ብያታለሁ።››

ከዚያ በኋላ ይህ ልዩነት በየቦታው ይገጥመኝ ጀመር። አባታችን ሲሞት የቤቱ ጉዳይ ተነሣ፤ ወራሾች ሁሉ ይፈርሙ ተባለ፤ አንዱ ወራሽ አልነበረም። አጎቴ ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቆ መጣ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ መላ አለው። ሰው ከጠፋና ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ መጥፋቱ እንዲወሰን መጠየቅ ይችላል፤ ውሳኔው ሲጸና ጋብቻው ይፈርሳል፤ ውርሱም እንደሞተ ሰው ይከፈታል። ድንጋጌውን አነበብኩት፤ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው። ሕግ አውጪው ሞትና መጥፋት ሁለት መሆናቸውን አውቆ ለየብቻ ስፍራ ሰጥቷቸዋል፤ ተመልሶ ለሚመጣውም ሰው በር ትቷል። ግን ኑሮ መቀጠል አለበትና፣ በመጨረሻ ዝምታውን ወደ አልቦ የሚመልስ ማሰሮ ማዘጋጀት ግድ ሆኖበታል። ሕጉን አልከሰውም። አጎቴም ክፉ ሰው አልነበረም፤ የቤቱ ግድግዳ እየፈረሰ ነበር። እናቴ ግን ‹‹ፈርመሽ ግደይው ነው የምትሉኝ?›› አለች፤ ነገሩ በዚያው ቀረ፤ ግድግዳውን በጭቃ ለጠፍነው።

ዕድሩም እንዲሁ ተቸገረ። የዕድሩ ጸሐፊ፣ መዝገብ አያያዝ የሚያውቁ ሰው፣ የወንድም ጋሼን ስም ከቤተሰባችን ዝርዝር እንዳይሰርዙት መርዶ የለም፤ እንዳይተዉት ዓመታት አለፉ። ከስሙ አጠገብ በእርሳስ አንዲት ትንሽ ምልክት አድርገውበታል። ኮከብ አይደለችም፤ ጭረት ናት።

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ ስደተኞችን መመለስ ስትጀምር፣ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ፣ ቦሌ አየር ማረፊያ ደጅ ብዙ ቀን ቆሜያለሁ። የሚወጡትን ፊት አያለሁ፤ የምፈልገው ፊት ግን ዐሥር ዓመት የቆየ ፊት ነበር። ይኑር አይኑር ብቻ ሳይሆን፣ ቢኖር ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበርና አንድ ሁለት ጊዜ የሰው ወንድም ጠርቼ አስቁሜያለሁ።

በዚያው ሰሞን የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በይፋት ስላገኟቸው የወላስማ ነገሥታት መቃብሮች ሰማሁ። በ14ኛው መቶ ዘመን ይፋትን የገዙት ሱልጣኖች፣ ከተሞቻቸው ቁጥቋጦ ከዋጣቸው በኋላ እንኳ፣ ስም የተቀረጸባቸው የመቃብር ድንጋዮች ተርፈዋቸዋል። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ መጥቶ የሚያነብ ሰው፣ ይህ ሰው እዚህ አለ፣ ሞቷልም ብሎ መናገር ይችላል። ሱልጣኖችን በዚህ ነገር የቀናሁባቸው ያኔ ነው።

ፍላሽ ራሱ በታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ተቋረጠ፤ በጥር መጀመሪያም በውስጡ የተሠራው ሁሉ እንዳይከፈት ተዘጋ። ያ ካርታ አሁን አንድ አሮጌ ዲስክ ላይ አለ፤ ለመክፈት የሚፈልግ የሌሎችን መሣሪያ መዋስ አለበት። አልሞከርኩም።

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሮቢት ሲቃረብ ሕዝቡ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣ። እናቴ ወጥታ መኪና ላይ ከተሳፈረች በኋላ ወረደች። እኅቴ ናት የነገረችኝ። ‹‹መጥቶ በሩን ዘግቶ ቢያገኘው?›› አለች አሉ። ማንም መልስ አልነበረውም፤ ጊዜም አልነበረም። እኅቴ ከልጆቿ ቦርሳ ጠመኔ አውጥታ በቆርቆሮው በር ላይ በትልቁ ‹‹ደብረ ብርሃን ነን›› ብላ ጻፈች። እናቴ ‹‹ስልክሽንም ጻፊው›› አለቻት፤ ጻፈችው። ከዚያ በኋላ ተሳፈሩ።

ከሳምንታት በኋላ ሲመለሱ ቤቱ ተዘርፎ በሩ ግን በቦታው ነበር፤ ጽሕፈቱም ከሞላ ጎደል ይነበባል። እኅቴ ጨርቅ አርሳ ልታጠፋው ስትል እናቴ ከለከለቻት። ‹‹ይቆይ። ብቻ ‘ደብረ ብርሃን’ የሚለውን አጥፊና ‘እንትን’ በይበት›› አለቻት። እኅቴ ምን ለማለት ፈልጋ እንደሆነ ጠየቀቻት፤ እናቴ ቃሉ ጠፍቶባት ብዙ አሰበች። ኋላ ‹‹‘እዚሁ’ በይበት›› አለች።